የራስን ጨው መቅመስ

ጥቅምት 19፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

እማዬ፣

ይህን ደብዳቤ ለምራትሽ ሰጥተሽ እንዳታስነብቢ። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው። ፊደሉን ያገዘፍኩት ለዚያ ነው። ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ልጅ ጽሑፍ ስታርሚ ኖረሻልና የእኔንም «ዶሮ የጫረው» ብለሽ ቀይ እስክሪብቶ እንዳታነሺበት።

ለምን አልደወልሽም ትይኝ ይሆናል። ወንድሜ ስልኩን የሚይዝልሽ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ለቆ ነው። አንቺ ደግሞ በስልክ የምታውቂው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ «ደህና ነኝ»። ሳል ይዞሽ እያሳልሽ እንኳ «ደህና ነኝ» ትያለሽ። በወረቀት ግን ተናግሬ እስክጨርስ ልታቋርጪኝ አትችይም።

እኔ ደህና ነኝ። (ከማን እንደወረስኩት ታውቂያለሽ።) ቤት ቀይሬያለሁ፤ አዲሱ አድራሻ ከፖስታው ጀርባ አለ። አንድ ክፍል ናት። መስኮቷ ወደ ዳቦ መጋገሪያ ጓሮ ስለምታይ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የዳቦው ሽታ ነው። ከሥራዬ ቅርብ ስለሆነች በእግሬ ነው የምመላለሰው። «ባልሽስ?» ማለትሽ አይቀርም። እሱ ደህና ነው። ሳገኘው ሰላምታሽን አደርስለታለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ወንድሜ ሰሞኑን በእኔ ውትወታ የያዘልሽን የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ሰርዘሻል አሉ። የምጽፍልሽ ቀጠሮውን መልሰሽ እንድትይዢ ልለምንሽ ነው። ሌላው ሁሉ ማሟሟቂያ ነው።

ባለፈው ሰኞ ምራትሽ ደወለችልኝ። እንዳትቆጫት፤ ቸግሯት ነው። ልብስሽን ልታጥብ ስትሰበስብ አንደኛው ቀሚስሽ በግራ በኩል ከብብቱ እስከ ወገቡ ስፌቱ ተፈትቶ አገኘችው። ተቀዶ ነው ብላ ልትጠግነው አስቀመጠችው። ሁለተኛውን አነሳች፤ እሱም በግራ በኩል። ሦስተኛውም። ከዚያ ቁም ሣጥንሽን ከፈተች።

«መጀመሪያ አይጥ የበላው መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

«አይጥማ በመስመር አይበላም፤ እኔ አውቃቸዋለሁ» አልኳት።

ሳቀች። ቀጥላ ደግሞ አለቀሰች። «እኔኮ ልጄን የጠሏት መስሎኝ ነበር» አለች። «ሚጢጢ ጭናቸው ላይ ልትወጣ ስትል ይገፏታል። ከዚያ በኋላ ልጅቷም መቅረብ ተወች። እኔም በሆዴ ይዤ ዝም አልኩ።»

እማዬ፣ ምራትሽ ይህን ያህል ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ ካንቺ ጋር እየኖረች ልጇን የጠላሽባት መስሏት ነበር። ወንድሜም «አርጅታ ነው፤ ለብቻዋ መሆን ወዳለች» ነበር የሚለው። አንቺ ግን በምላጭ ስፌት ትፈቻለሽ።

አምና አልማዝ ባለጭራ ከግራ ጡትሽ ሥር ተነስታ እስከ ጀርባሽ እንደ መቀነት ዞራብሽ እንደነበር አውቃለሁ። «ቁስሉ ደርቋል» ብሎ ወንድሜ ነገረኝ፤ አንቺም «ደህና ነኝ» አልሽ። የቆዳ ሐኪሙም ጎንሽን አይቶ «ድኗል፣ ምንም የለም» አለሽ። ዋሽቶ አይደለም፤ ቆዳው ድኗል። ከዚያ በኋላ ግን የሚያቃጥልሽን ነገር ለማንም መናገር ተውሽ። ሐኪም የለም ያለውን ነገር አለ ብሎ መከራከር «ጃጀች» ያሰኛል ብለሽ ፈርተሽ ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ።

የምሠራውን ነገር እስከ ዛሬ በወጉ ነግሬሽ አላውቅም። ጎረቤትሽ «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ብለው ሲጠይቁሽ «አይጥ ታክማለች» ብለሻቸው፣ «ምነው፣ አገሩ ድመት አጣ?» ያሉሽን እስከ ዛሬ ለሰው እያወራሁ እስቃለሁ። እኔ ግን አይጥ አላክምም። የማየው በአይጥ አከርካሪ ግራና ቀኝ ያሉትን፣ ከምስር ፍሬ የሚያንሱ የነርቭ ቋጠሮዎች ነው። የእሳቱን ሙቀት፣ የመርፌውን ጫፍ፣ የጨርቁን ልስላሴ ከቆዳ ተቀብለው ወደ ላይ የሚያደርሱት ሴሎች እነዚያ ቋጠሮዎች ውስጥ ተጠጋግተው ይኖራሉ። ሰውም አለው፤ አንቺም አለሽ። አልማዝ ባለጭራም የምታደፍጠው እዚያው ነው። በልጅነትሽ ጉድፍ ይዞሽ ዳነች ተባለ። በሽታው ግን ከዚያች ቋጠሮ አልወጣም። እዚያው ተኝቶ ኖሮ ዕድሜሽ ገፋ ሲል ተነሳ። ስለዚህ ቆዳሽ ድኖ ቋጠሮሽ ቢታመም የሚገርም ነገር የለውም። በርና መስኮቱን ቀለም የቀቡት ቤት ውስጡ ሊያፈስ ይችላል።

በእነዚያ ሴሎች ውስጥ የምከታተለው ጨው ነው። የገበታ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ለሁለት ይለያል፤ አንደኛው ክሎራይድ ይባላል። እሱ በሴሉ ውስጥ ሲበዛና ሲያንስ ምን እንደሚሆን አያለሁ። «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ጨው ለመቅመስ ነው?» እንዳትይኝ፤ ቆይ።

ነገሩን ባንቺው ቋንቋ ልንገርሽ። ጡረታ ስትወጪ በተደረገልሽ ሽኝት ላይ «‹ዝም በሉ› የሚለው ቃል ጉልበት የለውም፤ ጉልበቱ ያለው ክፍሉ ውስጥ ነው» ብለሽ ነበር። ርዕሰ መምህሩ የተቀኘሽባቸው መስሏቸው ፊታቸውን አጨፈገጉ። እውነትሽን ነበር። ጠዋት ቦታው ሰፋ ያለ ክፍል ገብተሽ «ዝም በሉ» ስትይ፣ በሩ ክፍት ቢሆን እንኳ ኮሪደር ላይ የቀሩት ገብተው ይቀመጣሉ፤ ጸጥ ይላል። ከሰዓት ደግሞ ልጅ በልጅ ላይ ወደታጨቀበት ክፍል ገብተሽ ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ስትይ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ያፏጫል። በሩ ከተከፈተማ ጎርፍ ነው።

ሴልም እንዲሁ ነው። ሰውነታችን ነርቮችን «ዝም በሉ» የሚልበት አንድ ኬሚካል አለው። ያ ቃል ሲደርስ የክሎራይዱ በር ይከፈታል። አብዛኞቹ የአንጎል ሴሎች ውስጣቸው ሰፊ ክፍል ስለሆነ ክሎራይዱ ከውጭ ይገባል፤ ሴሉ ጸጥ ይላል። ከቆዳ ወሬ የሚያመጡት የእኔዎቹ ግን ክሎራይድ ወደ ውስጥ የሚጎትት ፓምፕ ስላላቸው ሁልጊዜ የታጨቁ ናቸው። በሩ ሲከፈት ክሎራይዱ ይወጣል፤ ሴሉ ጸጥ በማለት ፈንታ ይነቃነቃል። በደህናው ጊዜ ይህ አይጎዳም፤ ያቺ ትንሽ መነቃነቅ ራሷ የሚያልፈውን ወሬ ታለዝበዋለች። ነርቩ ሲጎዳ ግን ክሎራይዱ ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ «ዝም በል» የሚለው ቃል ራሱ ጩኸት ያስነሳል፤ የጨርቅ ንክኪ እሳት ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን። «እንጠረጥራለን» የሚለውን በቀይ አስምሪበት።

ይህን ለመለካት ሰሞኑን ምን ጉድ እንደሆንን ላጫውትሽ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ቁመቱ የበር ጉበን ስለሚነካ ቀጭኔ ነው የምንለው። መሣሪያችን ያለበት ጠረጴዛ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ነው፤ ጉልበት ትንሽ ከነካው የያዝነው ሴል ያመልጣል። የቀጭኔ ጉልበት ደግሞ መሄጃ የለውም፤ ነካ ባደረገው ቁጥር «ይቅርታ ሴሏ» ይላል። ሥራው እንዲህ ነው፤ ጫፉ በዓይን የማይታይ የመስተዋት ቱቦ ሴሉ ላይ እናሳርፋለን። ቱቦው ውስጥ የእኛ ጨዋማ ውሃ አለ። ሴሉን ሰብረን ከገባን የእኛ ጨው ይፈስበትና የራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ቱቦው ውስጥ አንድ መድኃኒት እንጨምራለን። ያ መድኃኒት የሴሉ ሽፋን ላይ ደቃቅ ቀዳዳ ያበጃል፤ በቀዳዳው ክሎራይድ አያልፍም። ሴሉን እንሰማዋለን፣ ጨዉን ግን አንነካበትም። ክፋቱ ጊዜ መውሰዱ ነው። እጅሽን ሰብስበሽ፣ ትንፋሽሽን ውጠሽ መጠበቅ ነው።

ቀጭኔ መጠበቅ አይሆንለትም። ከቱቦው ጋር የተያያዘች፣ ውስጧ ክፍት የሆነ የጎማ ገመድ አለች፤ ሴሉን ለመያዝ በአፋችን ሳብ የምናደርጋት። ቀዳዳው ሲዘገይበት ሳብ ያደርጋታል። ወዲያው የሴሉ ምልክት ስክሪኑ ላይ የሚስለው መስመር ጥርት ብሎ ይመጣል። እኔም አየሁ፤ እኔም ወደድኩት። የጤነኛውን ነርቭ ሴል ለካን፣ የተጎዳውን ለካን፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑ። «ልዩነት የለም ማለት ነው፤ ግምታችን ሁሉ ገደል ገባ» ብለን ተክዘን ቁጥሩን ለአለቃችን ወሰድን።

አለቃችን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። ቅጽል ስማቸው «ቀስ በቀስ» ነው፤ ሲያስነጥሳቸው እንኳ ቀስ ብለው ነው። መስመሩን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ያምራል» አሉ።

«አመሰግናለሁ» አለ ቀጭኔ።

«በጣም ያምራል። በዚያች ቀዳዳ እንዲህ ጥርት ብሎ ይሰማል እንዴ? ቱቦው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ስንት ነው?»

ቀጭኔ ነገራቸው።

«ሴሉ ውስጥ አገኘን ያላችሁትስ?»

ቀጭኔ ወረቀቱን መልሶ አየ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ነበሩ።

«ልጆቼ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሳብ ስታደርጉት ሽፋኑን ቀዳችሁት። ጥርት ያለው ስለሰበራችሁት ነው። የራሳችሁን ጨው ነው የቀመሳችሁት።»

ኮሪደር ላይ ስንወጣ ቀጭኔ «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ብሎ አጉረመረመ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም ነበር፤ በኋላ ግን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

እንደገና ጀመርን። የጎማዋን ገመድ ከቀጭኔ አፍ አራቅናት፤ እሱም ጉልበቱን በሻርፕ ከወንበሩ እግር ጋር አሰረ። ጠበቅን። የተቀደደብንን ሁሉ ጣልን። አንዳንድ ቀን ውለን ባዶ እጃችንን ነበር የምንገባው። ቀስ በቀስ ግን ሴሎቹ የራሳቸውን መናገር ጀመሩ። ከተጎዳው ነርቭ ከመጡት ብዙዎቹ በክሎራይድ ታጭቀው አገኘናቸው። ሁሉም አይደሉም። ፓምፑን የሚያግድ መድኃኒት ጠብ ስናደርግባቸው ደግሞ ያው «ዝም በሉ» የሚለው ቃል ሲደርስ መነቃነቃቸው ቀነሰ። ቀጭኔ ሊዘል ብሎ ከነወንበሩ ወደቀ።

ይህ የአይጥ ሴል ነው፤ ያለውም ሳህን ውስጥ ነው። ያንቺም ሕመም ይኸው ነው፣ መድኃኒትሽም ይኸው ነው አልልሽም። እንዲያ ብል አንቺው ራስሽ ዜሮ ትሰጪኛለሽ። የምልሽ ይህን ነው፤ ቆዳው ድኖ ነርቩ የሚጮኽበት ሕመም አለ፣ ስም አለው፣ የሚያውቁት ሐኪሞች አሉ፣ አሁን በእጃቸው የሚሰጡትም መድኃኒት አለ። ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም፤ አንዱ ካልሆነ ሌላ ይሞክራሉ። ለብዙ ሰው ያቀለዋል። አልጃጀሽም፤ አልከፋሽም። ክፍሉ ሞልቶብሽ ነው።

ምራትሽ የደወለችው ሴሎቹ መናገር በጀመሩበት ሳምንት ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ትዝ ያለኝ ሰኔ ላይ የመጣሁ ዕለት ነው። በሩን ስትከፍቺልኝ ሻንጣዬን ጥዬ ተጠመጠምኩብሽ። በክርንሽ ገፋሽኝና «ተይኝ!» አልሽኝ፤ ያንን የክፍል ድምፅሽን አውጥተሽ። ከዚያ ፊትሽን አዙረሽ ወደ ወጥ ቤት ገባሽ። እስክሄድ ድረስ በጠረጴዛ ማዶ ነበር የምታናግሪኝ። ልነግርሽ የመጣሁት ነገር ነበረኝ። ሰው ቀድሞኝ ነግሮሽ፣ አንቺም ፈርደሽብኝ መሰለኝ። ነገሩን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

እኔም የቀመስኩት የራሴን ጨው ነበር።

ከደብዳቤው ጋር ጥቅል አለ። ቀሚስ ነው፤ ሰማያዊ፣ ሰፊ፣ ጨርቁ ለስላሳ። ስፌቱ በሙሉ ወደ ውጭ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሳዛት ዓይኗን አፈጠጠች።

«ስፌቱን ወደ ውጭ?»

«ወደ ውጭ።»

«ሰውኮ ገልብጠው ለበሱ ይላቸዋል!»

«እናቴ አስተማሪ ነበረች፤ የሳቀባትን ታንበረክካለች» አልኳት።

ሰፋችው። የግራው ጎን ስፌት ጭራሽ የለውም፤ ወርዱን አዙራ በቀኝ በኩል ብቻ ነው የገጠመችው። ከእንግዲህ ምላጭ አታንሺ፤ ዓይንሽም እንደ ድሮው አይደለም።

ቀጠሮውን ወንድሜ መልሶ ይያዝልሽ። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጪ «ደህና ነኝ» እንዳትይ። ይህችን እንደ ቃል ጽሕፈት ያዢያት፤ «ቆዳዬ ድኗል፤ ጨርቅ ሲነካኝ ግን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ ነስቶኛል።» አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ቀሚሶቹንም ይዘሽ ሂጂ። ካላመነሽ የተፈታውን ስፌት አሳዪው።

ሚጢጢንም ጥሪያት። «ግራ ጎኔን ያመኛል፤ በቀኝ በኩል ነይ» በያት። ሕፃን ከነገሩት ይገባዋል፤ የማይገባው ሲገፉት ነው። ለምራትሽም ንገሪያት። ወንድሜን እኔ እነግረዋለሁ፤ ለእሱ ጮክ ማለት ያስፈልጋል።

የቀጠሮሽን ቀን ጻፊልኝ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ «ቀስ በቀስ» ፈቅደውልኛል፤ በዚያን ቀን አብሬሽ እገባለሁ። በሩን ስትከፍቺ ትዘልብኛለች ብለሽ አትስጊ። ደጃፉ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። መጠበቅ አሁን ሥራዬ ሆኗል። እጅሽን ስትዘረጊ በቀኝ በኩል እመጣለሁ።

ሰኔ ላይ ይዤው የተመለስኩትን ነገር ያን ጊዜ እነግርሻለሁ። የሚያስደነግጥ አይደለም። አንቺ ግን አስተማሪ ነሽና ከፖስታው ጀርባ ያለውን አድራሻ ስታዪ የአንድ ሰው ስም ብቻ መጻፉን ሳታስተውዪ አትቀሪም።

ለሌሊትሽ እንቅልፍ፣ ለጎንሽ ዕረፍት ይስጥልኝ። የሚጢጢን ጉንጭ ሳሚልኝ። ቀጭኔም «የ‹ዝም በሉ›ዋን መምህርት ሰላም በዪልኝ» ብሏል፤ ያንቺን አባባል የቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ለጥፎታል።

ልጅሽ፣
የአይጥ ሐኪሟ

ይህን ልጨምር፦ ቀኝ ያልኩሽ ያንቺን ቀኝ ነው። ፊት ለፊት ስንቆም ለእኔ ግራ ነው። እዚህ በር ላይ ብቻዬን ቆሜ ተለማምጄዋለሁ፤ አልሳሳትም።